አሮጊቷ ያላለችው ቃል

ይሄይስ ቴፒ ገበያ አጠገብ ሬዲዮ እየጠገነ የሚኖር ሰው ነበር። አንድ ጊዜ መለዋወጫ ሊገዛ አዲስ አበባ ወጥቶ ሲመለስ፣ ከሽቦውና ከስፒከሩ ጋር ያገለገለ ፕሌይስቴሽንና ሦስት ሲዲ ይዞ መጣ። ሁለቱ የኳስ ናቸው። ሦስተኛው ሽፋን ስላልነበረው ስሙን የሚያውቅ አልተገኘም፤ ሰው ሁሉ «የመንገደኛው» እያለ ይጠራው ጀመር። በጨዋታው ካባ የደረበ ሰው ወረርሽኝ ለገባበት መንደሩ መድኃኒት ፍለጋ ይወጣል፤ ተራራ ይወጣል፣ ወንዝ ይሻገራል፣ አውሬ ይገጥመዋል፣ በየመንገዱም ከሰው ጋር ይነጋገራል። ንግግሩ ግን ድምፅ አልነበረውም። ከስክሪኑ ግርጌ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ብቅ ይላል፤ ተጫዋቹም ምን እንደተባለ ስለማያውቅ ቁልፉን ደጋግሞ እየተጫነ ያልፈዋል።

ይህን የቀየረችው ጽጌሬዳ ናት። በ1996 ዓ.ም. ክረምት አሥረኛ ክፍልን ጨርሳ ውጤት እየጠበቀች ነበር። የእናቷን ሬዲዮ ልታስጠግን ይሄይስ ቤት ገብታ ተራዋን ስትጠብቅ፣ ድልድይ ላይ የቆመ ዘበኛ ለመንገደኛው የተናገረው ነገር ከስክሪኑ ግርጌ ወጣ። ለራሷ ያህል በአማርኛ አለችው።

«ድልድዩ ጠባብ ነው እንጂ የለም አይደለም።»

ጆይስቲኩን የያዘው ሰው ጣቱን ከቁልፉ ላይ አነሣ። ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ዞረው አዩዋት።

«እንደሱ ነው ያለው?» አላት ይሄይስ።

«እንደሱ ነው።»

«እስቲ ቀጥይልን።»

ሬዲዮው በዚያው ሳምንት ተሠርቶ ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ ጽጌሬዳ ግን በየእሑዱ ከሰዓት በኋላ ይሄይስ ቤት መሄዷን አልተወችም። ይሄይስ ከቴሌቪዥኑ ጎን በርጩማ አደረገላት። ከቡና እርሻው የሚመጡ አራሚዎች፣ የገበያው ጫኝና አውራጆች፣ ጆይስቲክ ነክተው የማያውቁ ሰዎች ሳይቀሩ ለመስማት ብቻ ይሰበሰቡ ጀመር። አማርኛው ለከበዳቸው ደግሞ ጓደኞቻቸው በቤንችኛ ወይም በሸኮኛ ይመልሱላቸዋል። የዘበኛው ቃል ብዙም ሳይቆይ ከቤት ወጥቶ ገበያ ገባ። ጫኞቹ የቡና ጆንያ ተሸክመው በሳንቃ ላይ ወደ መኪናው ሲወጡ «ጠባብ ነው እንጂ የለም አይደለም» ይባባሉ ነበር። ጽጌሬዳ በዚያ ስታልፍ ይህን ሰምታ፣ ለማንም ሳትናገር ደስ ብሏት ቤቷ ገባች።

ያም ሆኖ እንግሊዝኛዋ የአሥረኛ ክፍል እንግሊዝኛ ነበር። የማታውቀው ቃል ሲመጣባት ከፊትና ከኋላ ያለውን አይታ በግምት ትሞላዋለች። ብዙ ጊዜ ይሳካላታል፤ ባይሳካላትም የሚያርማት አልነበረም።

ጨዋታውን ከሁሉም አርቆ የወሰደው ባየ የሚባል ወጣት ነው። የጌጫ ልጅ ነው፤ ሁለት ዓመት እርሻው ላይ ሠርቷል። ከሰላምታ በስተቀር ብዙ አያወራም። አንድ የነሐሴ እሑድ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ የባየ መንገደኛ መድኃኒቱን ይዞ ወደ መንደሩ ተመለሰ። መንደሩ ግን እንደተወው አልቆየውም። ቤቶቹ ባዶ ናቸው፤ በሮቹ ተከፍተው ደጃፋቸው ላይ ሣር በቅሏል። መግቢያው ላይ አንዲት አሮጊት ብቻዋን ተቀምጣለች። ባየ መንገደኛውን ወደ እሷ አስጠግቶ ቁልፉን ተጫነ። ጽሑፉ ወጣ።

ጽጌሬዳ አየችው። አጭር ነው፤ ከቃላቱ አብዛኞቹን ግን በሕይወቷ አይታቸው አታውቅም። ለግምት የምትይዘው ፊትም ኋላም አጣች።

«ምን አለችው?» አለ ባየ።

ሠላሳ የሚሆን ሰው ይጠብቃታል። አላውቀውም ማለት ነበረባት፤ አፏ እምቢ አላት። አሮጊቷን አየቻት። መድኃኒቱን እንደያዘ የቆመውን ሰውዬ አየችው። ከዚያ ከየት እንደመጣላት ሳታውቅ፦

«‹ልጄ› አለችው፤ ‹ቤቱ የመጣ ሰው ዘገየ አይባልም፤ መጣ ነው የሚባለው። ግባ።›»

ባየ ስክሪኑን ትንሽ አየው። ጆይስቲኩን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠ፣ ተነሣ፣ ማንንም ሳያይ በዝናቡ ወጣ። የደረሰበትን ሜሞሪ ካርዱ ላይ እንኳ አላስቀመጠውም፤ የስንት እሑድ ድካም በዚያው ቀረ። ሰዉ አጉረመረመ። ይሄይስ በሩ ድረስ ሄዶ ወደ መንገዱ አየና፣ ራሱን እየነቀነቀ ተመለሰ።

ምን እንደነካው ማንም አልገባውም። ጽጌሬዳ ግን የገባት መሰላት። ልጁ ውሸቷን ነቅቶባታል፤ በንቀት ነው ጥሏት የወጣው። በሚቀጥለው እሑድ አልመጣም፤ በዚያ ክረምት ቴፒ ውስጥ ዳግመኛ ያየው አልነበረም። እሷም ከይሄይስ ቤት ቀረች። ሲጠሯት ሥራ በዝቶብኛል እያለች፣ በሌላ መንገድ መሄድ ጀመረች።

አሮጊቷ ካለችው ውስጥ ያላወቀቻቸውን ሦስቱን ቃላት ግን በዚያው ማታ ደብተሯ ጀርባ ላይ ጽፋቸው ነበር። መምህራን ኮሌጅ በገባችበት ዓመት ቤተ መጻሕፍት ገብታ መጀመሪያ የገለጠችው ትልቁን መዝገበ ቃላት ነው። ሦስቱን ቃላት አንድ በአንድ ፈለገቻቸው። አሮጊቷ ነጋዴ ነበረች። ያለችውም «ዕቃዬ አልቋል፤ ሱቁን ዘግቻለሁ፤ ሌላ ጊዜ ተመለስ» ነበር። ጽጌሬዳ ብቻዋን ቁጭ ብላ ፊቷ እስኪግል አፈረች። ከዚያ ወዲህ መዝገበ ቃላት ሳታይ ለሰው ቃል ፈትታ አታውቅም። የእንግሊዝኛ መምህርት ሆና ቴፒ ስትመለስም ተማሪዎቿ የሚያውቋት በዚሁ ነው፤ ጠርዙ በጣት ብዛት የጠቆረ መዝገበ ቃላት ከእጇ አይለይም፤ የማታውቀው ሲመጣም «አላውቀውም፤ አብረን እንየው» ትላቸዋለች።

ከዚያ የነሐሴ እሑድ ወዲህ አሥራ ሦስት ዓመት አለፈ። በ2009 ግንቦት ላይ ማሻ የሦስት ቀን የመምህራን ሥልጠና ነበረባትና፣ ጨርሳ በአውቶቡስ ወደ ቴፒ እየወረደች ነው። አጠገቧ የተቀመጠችው ሴት ከሐኪም ቤት የተሰጣትን መድኃኒት ይዛ ትጨነቃለች። ጽጌሬዳ የመድኃኒቱን ወረቀት ተቀብላ እያነበበች በአማርኛ ነገረቻት፤ ጠዋትና ማታ እንደሆነ፣ ምግብ ከበላች በኋላ እንደሆነ። አንዱን ቃል ስትጠራጠር ከቦርሳዋ መዝገበ ቃላቷን አውጥታ አየችው። ከፊታቸው የተቀመጠ፣ የላስቲክ ቦቲ ያደረገ ሰው ይህን ጊዜ ዞሮ ሲያያት ቆየ።

ጌጫ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው አውቶቡሱ ቆመ። ሌሊት የዘነበው ዝናብ ትልቅ ዛፍ ነቅሎ መንገዱ ላይ አጋድሞታል። ተሳፋሪው ወረደ፤ አንዳንዱ መጥረቢያ ፍለጋ ሄደ። ባለቦቲው ሰውዬ ወደ ጽጌሬዳ መጣ።

«ይቅርታ እህቴ» አላት፤ «እርስዎ ድሮ ቴፒ፣ ይሄይስ ቤት የመንገደኛውን ያነቡልን የነበሩት አይደሉም? ድምፅዎ ነው ያስታወሰኝ።»

ፊቱን ለየችው። ጆይስቲኩን መሬት ላይ አስቀምጦ የወጣው ልጅ ነው። ያ የቤተ መጻሕፍቱ ኀፍረት እንዳለ ተመለሰባት።

«ባየ ነህ» አለችው። «አንቺ በለኝ፤ እኩያህ ነኝ።»

«ስሜን ታውቂዋለሽ? ስንት ዓመት ሙሉ እንዴት እንደማገኝሽ ሳስብ ነበር። ከዓመት በኋላ ለአንድ ቀን ቴፒ ወርጄ ይሄይስን ብጠይቅ ለትምህርት ሄደች አለኝ፤ ወዴት እንደሆነ አያውቅም። አንድ ነገር ልነግርሽ ስለምፈልግ ነው።»

እሱም የተጋደመው ዛፍ ግንድ ጫፍ ላይ አረፍ ብሎ ነገራት።

አባቱ አቶ ባዘዘው በሰፈሩ የታወቁ ኃይለኛ ሰው ነበሩ። ባየ አንድ ቀን የአባቱን በቅሎ ሳይጠይቅ ወስዶ፣ ከጓደኞቹ ጋር ሲሽቀዳደም ገደል ከተታት። አባቱ «ዓይንህን እንዳላይ» አሉት። እሱም እልኸኛ ነበርና ቴፒ ወርዶ እርሻው ላይ ተቀጠረ። ሁለት ዓመት አለፈ። አባቱ መታመማቸውን ሰማ፤ ዛሬ ነገ ሲል ቆየ።

«አንድ ቅዳሜ የሰፈራችን ሰው እርሻው ድረስ መጣ። አባቴ ሞቶ ከተቀበረ ስድስት ቀኑ ነው አለኝ። ከዚያ በኋላ ምን ፊት ይዤ እሄዳለሁ? ዓይኔን ጨፍኜ ከቴፒም ወዲያ ልሂድ ብዬ ልብሴን ጠቅልዬ ነበር። እሑድ ግን የምገባበት ስላጣሁ ይሄይስ ቤት መጣሁ። ቀጥሎ ያለውን ታውቂዋለሽ።»

«አላውቀውም» አለች ጽጌሬዳ። «ከወጣህ በኋላ የሆነውን አላውቅም።»

«ከዚያው በቀጥታ ወደ ጌጫ ነዋ የወጣሁት። ግማሹን በእግሬ፣ ግማሹን በጭነት መኪና። በማግስቱ ደጃችን ስደርስ ለቅሶ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ቀና ብሎ አየኝ። አጎቴ ተነሥቶ ‹አሁን ነው የምትመጣው?› አለኝ። እግሬ ወደ ኋላ ሊል ነበር። የአሮጊቷ ቃል ትዝ አለኝና ‹መጣሁ› አልኩት። እንደዚያ ብቻ። ይሄኔ እናቴ ከተቀመጠችበት ተነሥታ በእጄ ይዛ አስገባችኝ። ከዚያ ወዲህ ከቤቴ አልራቅሁም። ቀፎ ሰቅዬ፣ ማር እየሸጥኩ፣ ከእናቴ ጋር አለሁ። ነገሩን ለእሷም ነግሬያት፣ ዛሬ ከሥራ ባመሽ እንኳ ‹ቤቱ የመጣ ሰው ዘገየ አይባልም› ትለኛለች። ያን ቀን ባታነቢልኝ ኖሮ የት እንደምሆን አላውቅም። አመሰግናለሁ።»

ጽጌሬዳ አንገቷን ደፋች። ዝም ብላ ምስጋናውን ብትቀበል የሚያውቅባት አልነበረም፤ ግን አሥራ ሦስት ዓመት የተማረችው ይህን እንዳታደርግ ነበር።

«ባየ፣ አላነበብኩልህም» አለችው። «ቃላቱን አላውቃቸውም ነበር። ሰው ሁሉ ሲያየኝ አፈርኩና ከራሴ ፈጥሬ ነው የነገርኩህ። አሮጊቷ ያለችህ ዕቃዬ አልቋል፣ ሱቁን ዘግቻለሁ፣ ሌላ ጊዜ ተመለስ ነው። ጥለኸኝ ስትወጣ የነቃህብኝ መስሎኝ እስከ ዛሬ እያፈርኩ ነው የኖርኩት።»

ባየ ቦቲው ላይ የተጣበቀውን ጭቃ በእንጨት ፋቀ።

«ሱቁን ዘግቻለሁ ነው ያለችው?»

«አዎ።»

መጀመሪያ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ ቀጥሎ ዓይኑ እንባ እስኪሞላ ሳቀ። ሳቁ ጋብ ሲልለት እጇን ጨበጠና አልለቀቃትም።

«እንግዲያው ይህን ሁሉ ዓመት ምስጋናዬን የምልከው በተሳሳተ አድራሻ ነበር» አላት። «ዛፉ ተቆርጦ እስኪያልቅ ጊዜ አለን። ቤታችን ያ የምታዪው ነው። እናቴ ትይሽ።»

የባየ እናት እማማ ውድነሽ ደጃቸው ላይ ኮረሪማ በሰሌን አስጥተው ይለቅማሉ። ባየ ጽጌሬዳን አስተዋውቆ ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገራቸው። እሳቸውም አንድ ጊዜ እሱን፣ አንድ ጊዜ እሷን እያዩ አዳመጡ።

«ቆይ እስቲ» አሉ በመጨረሻ። «ያች ፈረንጅ አሮጊት የለችም ነው የምትሉኝ?»

«የሉም፣ እማማ። ንግግሩን የፈጠርኩት እኔ ነኝ» አለች ጽጌሬዳ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«እኔ እኮ በዚያ ዕድሜዋ እስካሁን አትቆይም ብዬ፣ በየተዝካሩ ነፍስ ይማር ስልላት ነው የኖርኩት።» ኮረሪማውን አራግፈው ተነሡና ሁለት እጇን ያዙ። «ለካ አንቺ በሕይወት አለሽ። ተመስገን። የእኔ ልጅ፣ ውሸት ነው ብለሽ አትፈሪ። ለሐዘንተኛ የሚባለውን ነው ያልሽው፤ ከየት እንደመጣልሽ እግዜር ያውቃል።»

ጽጌሬዳ ለማልቀስ አስባ አልነበረም፤ አለቀሰች። ባየ ያን ቀን ባይወጣ መዝገበ ቃላት የምትፈራ፣ በግምት የምታስተምር መምህርት ሆና ትቀር እንደነበር ነገረቻቸው። «እኔም ለእሱ ምስጋና አለብኝ» አለች። ባየ አፍሮ ወደ ጓሮ ዞረ፤ ሲመለስ በትንሽ ጀሪካን ማር ይዞ መጣ።

የአውቶቡሱ ጥሩንባ ተሰማ። እማማ ውድነሽ እስከ መንገዱ ድረስ፣ በጭቃው፣ ክንዷን ይዘው ሸኟት። ሾፌሩ ተቆጥቶ ነበር፤ አሮጊቷን ሲያይ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ቶሎ በይ እህቴ» ብቻ አለ። ጽጌሬዳ ጀሪካኑን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ክዳኑ በደንብ አልተዘጋም ኖሮ ማሩ የሥልጠናውን ወረቀት ነክቶታል። መድኃኒት የያዘችው ሴት መሐረብ እያቀበለቻት «ዘመዶችሽ ናቸው?» አለቻት።

«ዛሬ ተዛመድን» አለች ጽጌሬዳ።

እማማ ውድነሽ በሰኔ ዓይናቸውን ሊታከሙ ቴፒ ሲወርዱ ያረፉት እሷ ቤት ነው። ሁለት ሳምንት ብለው መጥተው አንድ ወር ተቀመጡ።