ከእርጥቡ አሸዋ የወጣችው ፊጋ

ጆሮዬ ወርቅ ነው። ያልኩት እኔ አይደለሁም፣ አጎቴ ኤዲቫልዶ ነው፤ እሱ ደግሞ ሰው ከሚያመሰግን ጥርሱን ቢነቅሉት ይመርጣል።

ብረት ፈላጊውን ማሽን ይዞ አሸዋ ላይ መዞር ማንም ይችላል። ጣጣው ማዳመጡ ላይ ነው። ሚስማር ከሆነ እንደ ጠገበ አሳማ ያጉረመርማል። ሳንቲም ከሆነ ጢው ብሎ ይጮኻል፣ አያታልልም። አስቸጋሪው መሃለኛው ድምፅ ነው። ወርቅም፣ ከቢራ ቆርቆሮ ላይ የምትነቀለው መክፈቻም እዚያው መሃል ላይ ተቀምጠው አንድ ዓይነት ያወራሉ። ሰነፍ ሰው ያን ድምፅ ማሽኑ ላይ ይዘጋውና ሳንቲም ሲለቅም ይውላል። እኛ አንዘጋም። እኔ የማሽኑን ሳህን ከቀኝም ከግራም አሳልፋለሁ፤ ድምፁ ከሁለቱም በኩል ክብ ሆኖ ከመጣ ወርቅ ነው እላለሁ፣ ጠርዙ ከተቆራረጠ የቢራ ነው እላለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነኝ። ስሳሳት ደግሞ ማን ያስታውሳል።

በዬማንጃ በዓል ማግስት ግን አጎቴ ሕግ አለው። በበዓሉ ቀን ሰው ሁሉ አበባውን፣ ሽቶውን፣ ያለውን ጌጥ በቅርጫት አድርጎ ለባሕሯ እናት ለዬማንጃ ይሰጣል፤ ዓሣ አጥማጆቹ በጀልባ ወስደው ራቅ አድርገው ይጥሉታል። ከወደደችው ታስቀረዋለች። ካልወደደችው በማዕበል ትመልሰዋለች፤ ያ ሰው የለመነውን አያገኝም ማለት ነው።

«በማግስቱ ከደረቁ አሸዋ እንዳትወርጂ» ይላል አጎቴ። «ሰካራም የጣለው የኛ ነው። እሷ የመለሰችው የማንም አይደለም። ድንገት እጅሽ ከገባ ጀርባሽን ሰጥተሽ ወደ ባሕሩ ወርውሪውና አፍሽን ዝጊ።»

እሺ ብዬው ነበር። እሺ ማለት ምን ይከብዳል።

በበዓሉ ማግስት ጠዋት ኒልቶን የበረዶ ሳጥኑን ተሸክሞ ቢራ ሲሸጥ አገኘኝ። ኒልቶን ፊት ጎላ ብዬ መታየት እወዳለሁ፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ።

«ጁሲ፣ ዛሬስ ስንት ቆርኪ ለቀምሽ?»

«አንተ ከበተንከው አይበልጥም።»

«ወርቅ ጆሮ ይሏታል እንጂ ቢራ ጆሮ ናት!» አለ። ሲጠጡ ያደሩት ሁሉ ሳቁ።

እልህ ያዘኝ። «በል ሳልቆፍር እነግርሃለሁ። ከተሳሳትኩ ሳጥንህን ከባሕሩ ዳር ጫፍ እስካለው ዓለት ድረስ እሸከምልሃለሁ።»

«ካልተሳሳትሽስ?»

«ሳጥኑን ትተህ እኔን ትሸከማለህ።»

ፉጨቱ ቀለጠ። ደረቁን አሸዋ ዞርኩት፤ ቆርኪ፣ ቆርኪ፣ ሚስማር። ሰዉ እያሾፈ ከኋላዬ ነው። እግሬ ሳላዘው ወደ ታች፣ ማዕበሉ ወደሚልሰው እርጥብ አሸዋ ወረደ። አዎ፣ እግሬ ነው። እኔማ የት ነበርኩ። እዚያ ላይ መሃለኛው ድምፅ መጣ። ከጥልቅ ስለሆነ ታፍኗል፤ ግን ከቀኝም ከግራም ክብ ነው።

«ወርቅ!» አልኩ። «ቀለበት አይደለም፣ ከቀለበት ያንሳል። አንገት ላይ የሚንጠለጠል ነገር ነው።»

በወንፊቷ አካፋ እስከ ክንዴ ድረስ ቆፈርኩ። ፊጋ ወጣች። ክፉ ዓይን እንዳያገኛቸው ሕፃናት አንገት ላይ የምናስርላቸው፣ አውራ ጣቷ በሁለት ጣቶች መሃል ብቅ ያለች ጥፍር የምታክል የተጨበጠች የወርቅ እጅ። አካፋዬን እዚያው ተክዬ፣ ዋንጫ እንደበላ ሰው ወደ ላይ ወደ ደረቁ አሸዋ ሮጥኩ።

«ማነው ሰክሮ የጣላት? መጥቶ ይንበርከክልኝና እሰጠዋለሁ!»

ሰዉ አጨበጨበ። ከዚያ ጭብጨባው ከአንድ ጎን እየበረደ መጣ።

ሮዚልዳና እናቷ ዶና ዙልሚራ ከመንገዱ ደረጃ ወርደው ቆመዋል። ጎረቤቶቻችን ናቸው። ሮዚልዳ ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱም ወርደውባታል፤ ይሄኛው ሰባት ወር ገብቶላታል። እንዲጸናላት ብለው ዶና ዙልሚራ በቤታቸው የቀረችውን ብቸኛ ወርቅ፣ ሮዚልዳ ሕፃን ሆና ያጠለቀቻትን ፊጋ፣ ትናንት ቅርጫት ውስጥ ሲያስቀምጡ ሰፈሩ ሁሉ አይቷል። እኔም አጠገባቸው ቆሜ ዘፍኛለሁ።

እጄ ላይ ያለችውን ያን ጊዜ ገና በደንብ አየኋት። የአውራ ጣቷ ጫፍ ተነክሷል። ሮዚልዳ ጥርስ ስታወጣ የነከሰችው ነው።

ዶና ዙልሚራ ዓይናቸው ከአፍንጫቸው ራቅ ያለውን አያይም። ፊጋዋን ከእጄ ወስደው በጣታቸው ዳበሷት፤ ጣታቸው ጫፏ ላይ ቆመ።

«መለሰችብኝ?» አሉ። «ጁሲ ልጄ፣ መለሰችብኝ እንዴ?»

እኔ ከትምህርት ቤት ስባረር እንኳ በሰልፉ ፊት ምላሴን አውጥቼ ነው የሄድኩት። ማፈር ይሄ መሆኑን አላውቅም ነበር። ጆሮዬ ከነማዳመጫው ነደደ። ከዚያ አፌ ቀደመኝ።

«ኧረ አልመለሰችም! ዶና ዙልሚራ፣ ድምፁን እኮ ሰምቻለሁ። ባሕር የመለሰው ጠልቆ ነው የሚገኘው፣ ድምፁ ይታፈናል። የርስዎ ግን ጥርት ያለ ነበር፤ እዚሁ ደረቁ ላይ፣ ላይ ላዩን ነበረች። ወደ ጀልባው ሲሮጡ ከቅርጫቱ ሾልካ ነው። የባሕሯ እናት አላየቻትም እንኳ!»

«ከቅርጫቱ?»

«ቅርጫት መቼም ቀዳዳ አያጣም።»

እዚያ ታች አካፋዬ ውሃ በሞላው ጉድጓድ ውስጥ ቆማለች፤ ማዕበሉ እየመጣ እጀታዋን ይልሳል። ከዶና ዙልሚራ በቀር የማያያት የለም። ኒልቶን ሳጥኑን እያየ «ደረቁ ላይ ነው፣ እኔም አይቻለሁ» አለ። ሮዚልዳ መጀመሪያ አካፋዋን፣ ቀጥላ እኔን አየችኝ።

ዶና ዙልሚራ ግንባሬን ሳሙኝ። «ልሞት ነበር እኮ! በሉ ጀልባ ያለው ሰው ጥሩልኝ፣ ዛሬውኑ በባሕሯ እናት እጅ ትግባ!»

ማታ አጎቴ አካፋዋን ከአሸዋ እያጸዳ «ተሰክታ የነበረችው የት ነው?» አለኝ። ወሬው ቀድሞት ኖሯል።

«አታፍሪም?»

«አፍሬያለሁ።»

«ገና ነው» አለ።

በማግስቱ ሮዚልዳ ብቻዬን ልብስ ሳሰጣ አገኘችኝ። «እርጥቡ ላይ ነበረች፣ አይደል?»

ልዋሽ ነበር፤ አልሆነልኝም። «አዎ።»

«ጠልቃ?»

«እስከ ክንዴ።»

ራሷን ነቀነቀች። «እና ለምን ዋሸሽ?»

«ሰው ሁሉ እያየኝ... አፈርኩ።»

«ለኔ ብለሽ መስሎኝ ነበር» አለች። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ሆዷን ከታች በእጇ ደገፍ አድርጋ፣ «ለእማዬ እንዳትነግሪያት። አሁን ሌሊቱን እንቅልፍ ይወስዳታል። የሚመጣውን እኔ ብቻዬን እጠብቀዋለሁ።»

እሑድ ዶና ዙልሚራ ጠሩኝ። ጎረቤቶቹ በሙሉ ተቀምጠዋል፤ በስኳር የተሠራ የኮኮናት ጣፋጭ በሳህን አቀረቡልኝ፣ ትልቁን ቁራጭ ለኔ። ለሁሉም «ይቺ ናት! ይቺ ጆሮ ናት ቤቴን ያዳነችው!» ይላሉ። ሮዚልዳ በሩ አጠገብ ተቀምጣ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ታየኛለች።

«ድምፁ እንዴት ነበር፣ ልጄ? አሰሚያቸው እስቲ።»

በአፌ አሰማኋቸው፤ ጥርት ያለውን፣ ላይ ላዩን ያለውን፣ ያልሰማሁትን ድምፅ።

«ሰማችሁ አይደል!» አሉ ዶና ዙልሚራ እያጨበጨቡ። «ድገሚላቸው።»

ደገምኩላቸው።