ወርቁ ላይ ያረፈ ጣት

«ይኼ የማን ጣት ነው?»

የኢንጂነር ሱልጣን ጩኸት ኮሪደሩ ድረስ ተሰማ። የጽዳት ሠራተኛው ደምሴ መወልወያውን እንደያዘ ቀጥ አለ።

ጠረጴዛው ላይ ያለችው መሣሪያ ዋንጫ ትመስላለች፤ ውስጧ በወርቅ ተለብጧል። በመንኮራኩር ተጭና ስትወጣ ከፀሐይ የሚነፍሰውን፣ ኤሌክትሪክ ያዘለ ስስ ጋዝ እየቀለበች ብዛቱንና ፍጥነቱን ትለካለች። ዛሬ አየሩ በተመጠጠ በርሜል ውስጥ ሲፈትኗት ልኬቷ ተዛባ። ከፍተው ቢያዩ ወርቁ ላይ የጣት ቅባት ታትሟል።

«ካንተ በቀር ማን ይነካታል? ለአሠሪህ ለከፊልህ ደውያለሁ፤ የመኖሪያ ፈቃድህን፣ ኢቃማህን ይሰርዛል። ኸላስ፣ አበቃ፣ ወደ አገርህ!»

የደምሴ ደም ፈላ። ትናንት ሱልጣን ራሱ ስልክ እያወራ በባዶ እጁ ሲያነሣት አይቷል። ግን የጽዳት ሠራተኛ «አየሁ» ቢል ማን ያምነዋል? የዛሬ ሁለት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2013ቱ የአበሾች አፈሳ፣ ወንድሙን ፖሊሶች ከሱወይዲ ሰፈር በነጠላ ጫማ ሲጭኑት ዝም ብሎ ቆሟል። በዚያ ዝምታው እስከ ዛሬ ራሱን ይወቅሳል።

ሻይ አፍዪው ባንቴ እጅጌውን ጎተተው። «ወንድሜ፣ ማሊሽ፣ ይቅርታ በለውና ይለፍህ።»

«ላላጠፋሁት?»

ጓንቱን አውልቆ ወረወረ። ንጹሕ መስታወት አንሥቶ አውራ ጣቱን ተጫነበትና ሱልጣን አፍንጫ ሥር ደቀነው። ልሙጥ ጭጋግ ብቻ! አንዲት መስመር የለውም።

«አሻራዬን በረኪና በልቶታል! ኢቃማዬን ሳድስ የአሻራ ማሽኑ ሦስቴ መልሶኛል። ወርቁ ላይ ያለው ግን መስመሩ ይቆጠራል። እስቲ ያንተን አሳየኝ!»

ሱልጣን እጁን ኪሱ ከተተ። «እሺ፣ ያላ፣ ወደ ሥራህ። ባንቴ፣ ሻይ ስጠው።»

«ሻይ ለመንኩህ? ለከፊሉ መልሰህ ደውል!»

«በኋላ እደውላለሁ።»

ደምሴ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። በዚህ ክፍል ተቀምጦ አያውቅም። ባንቴ ደንግጦ በሩ ላይ ደረቀ። ሱልጣን በሩን አየ፤ የሚደርስለት የለም። ስልኩን አወጣ።

«ስፒከር ላይ አድርገው» አለ ደምሴ።

ከፊሉ አነሣ። «ስለ አበሻው ያልኩህ ስሕተት ነው፤ ይቆይ» አለ ሱልጣን።

«የማን ስሕተት?» አለ ደምሴ ከወንበሩ ሳይነሣ።

ሱልጣን ስልኩን ወደ አፉ አስጠጋ። «የእኔ።»

ደምሴ ተነሣ። «ሹክረን» ብሎ አላመሰገነም። እፎይታ ሲጠብቅ የባሰ ንዴት መጣበት፤ ሱልጣን ይህችን አንዲት ቃል ላለማውጣት ብሎ ሰው ሊያባርር ነበር?