አርባ እግር እንሰት

መምህር ባዳቾ ሶዶ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሥነ ዜጋ ሲያስተምሩ፣ ከምሳ በኋላ የሚያንቀላፋውን ክፍል የሚቀሰቅሱት በአንድ ጥያቄ ነበር። «መሬት ይሸጣል?» ይላሉ። ተማሪው በአንድ ድምፅ «አይሸጥም፣ አይለወጥም» ይላል። ጡረታ በወጡ በዓመቱ መሬት ገዙ።

ምን ያድርጉ? ባለቤታቸው ወይዘሮ ወይንሸት ሃያ ሁለት ዓመት በኪራይ ቤት ሲኖሩ የለመኑት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከቤታቸው ጓሮ የራሳቸውን እንሰት መትከል። አከራይ ደግሞ ክፍል እንጂ ጓሮ አያከራይም።

ሻጩ ከሶዶ ወጣ ብላ ባለችው በተበላ የሚያርሰው ገበሬ ኤርሳዶ፣ የድሮ ተማሪያቸው ነው። ውሉን መምህሩ ራሳቸው ጻፉት። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል፤ ግን መሬት ተሸጠ ተብሎ አይጻፍም። ስለዚህ «አርባ እግር እንሰት ሸጫለሁ» የሚል ውል አዘጋጁ። እንሰቱ የእኔ ከሆነ የቆመበት መሬት የት ይሄዳል ብለው በብልሃታቸው ረኩ። አገሩም እንዲህ ነው የሚዋዋለው።

በዓመቱ አስፋልት በዚያ በኩል ያልፋል ተባለና ኤርሳዶ ሐሳቡን ለወጠ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ቢለምኑት እንሰቱን ይውሰዱ፣ ማን ከለከላቸው አለ። መምህሩ ከሰሱ።

ችሎት ላይ ኤርሳዶ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመ።

«ክቡር ዳኛ፣ መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። ያስተማሩኝ ጋሼ ናቸው።»

እውነቱን ነው። ከእሳቸው ትምህርት ሌላ አንድም ነገር አልያዘም ነበር።

ዳኛዋ ወደ መምህሩ ዞረው መሬት ይሸጣል ወይ ብለው ጠየቁ። መምህር ባዳቾ የወይንሸትን ጓሮ አሰቡ። ይሸጣል ለማለት አፋቸውን ከፈቱ፤ ሠላሳ ዓመት ግን ቀደማቸው።

«አይሸጥም፣ አይለወጥም» አሉ።

ፍርዱ አጭር ነበር። ውሉ እንደተጻፈው ይፈጸም፤ ከሳሽ በአሥር ቀን ውስጥ አርባውን እንሰት ነቅለው ይውሰዱ።

ኤርሳዶ ክፉ ሰው አይደለም። ራሱ ቆፍሮ፣ ራሱ አይሱዙ ላይ ጭኖ፣ ጋሼ ይጠንቀቁ እያለ ከኪራይ ቤታቸው ደጅ አራገፈላቸው። አከራይዋ መጥተው አዩና፣ እስከ ነገ እንዲነሣ ተናግረው ገቡ።

ወይዘሮ ወይንሸት ክምሩን ዞረው ዞረው ትንሿን መረጡ። አፉ የተቆረጠ የዘይት ጀሪካን አምጥተው አፈር ሞሉና ተከሏት።

«ቤት ስንለቅ ይዘናት እንሄዳለን» አሉ።

መምህሩ ውኃ ሊቀዱ ሄዱ።