የጋሽ ደቂቃ ቀጠሮ

አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ግድግዳው ላይ የበራውን መስመር ያያል። ልጅቱ የምታየው አባቷን ነው። ጋሽ ደቂቃ ፊተኛው ወንበር ላይ፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው፣ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ስሙን ያወጡላቸው ተማሪዎቻቸው ናቸው፤ በዚያ ሁሉ የማስተማር ዘመን አንድም ቀን አርፍደው አያውቁም።

መስመሩ የአንድ ኮከብ ብርሃን ነው። ቴሌስኮፑ ያለው ሩቅ አገር፣ አሁን ሌሊት በሆነበት ተራራ ላይ ነው፤ የሚያየውን ወዲያው ወዲያው እዚህ፣ በጠራራ ከሰዓት መጋረጃው ወደተዘጋ አዳራሽ ይልካል። ጋሽ ደቂቃ እንደሚሉት፣ ኮከቡን እጅግ ተጠግቶ የሚዞር ግዙፍ የጋዝ ፕላኔት አለ። ከመጠጋቱ የተነሳ ብረት ቢጥሉበት እንደ ቅቤ ይቀልጣል፤ ዓመቱን ለመጨረስ ሁለት ቀን እንኳ አይፈጅበትም። በኮከቡ ፊት ሲያልፍ በጥቂቱ ይጋርደዋል፤ ያኔ መስመሩ ዝቅ ይላል። ይህ ሁሉ ሰው የመጣው ያቺን ዝቅታ ለማየት ነው።

"እኔ እዚያ ብወለድ ኖሮ፣" ብለው ነበር ጋሽ ደቂቃ ሲገቡ፣ "ጡረታ የምወጣው ጥርስ ሳላበቅል ነበር።"

ሰው ሳቀላቸው። የኮከብ ምርምር ተቋሙ ዳይሬክተር አልሳቀም።

ዳይሬክተሩ ክፉ ሰው አይደለም፤ እሱም የእሳቸው ተማሪ ነበር። ግን "ጋሼ ጃጅተዋል" የሚለው ሹክሹክታ ቢሮው ድረስ ገብቷል፤ ለቴሌስኮፑ የሚቋምጡ ጎረምሶችም ሞልተዋል። ስለዚህ በትሕትና፣ ጎንበስ ብሎ፣ ፈተና አወጣላቸው። ፕላኔቱ በኮከቡ ፊት የሚገባበትን ሰዓት አስቀድመው ይንገሩን፣ ሰው በተሰበሰበበት እንየው። ከመጣ ሥራውም ቴሌስኮፑም የእርስዎ ነው፤ ካልመጣ እንግዲህ ቤትዎ ይሁኑ። ቤት መዋል ለአባቷ ምን እንደሆነ ልጅቱ ታውቃለች። በወራቸው ይሞታሉ።

ችግሩ ደግሞ ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ሰዓት የአባቷ አለመሆኑ ነው። የእሷ ነው።

ጠዋት እንደ ረዳትነቷ የአባቷን ስሌት ተቀብላ ወደ ኮምፒውተር ስታስገባ ነው ነገሩ የጀመረው። ምድር ፀሐይን ስትዞር አንዴ ወደ ኮከቡ ትቀርባለች፣ አንዴ ትርቃለች፤ ስንቀርብ ብርሃኑ ቀድሞ፣ ስንርቅ ዘግይቶ ይደርሰናል። ስለዚህ ሰዓቱ ላይ እንደ ወቅቱ ደቂቃዎች ይደመራሉ ወይም ይቀነሳሉ። ከስድስት ወር በፊት ፕላኔቱን ያዩት ጊዜ አብረው ቀንሰው ነበር። ዛሬ አባቷ ደምረዋል። ባለፈው ሳምንት እሷን በሟች እናቷ ስም ጠርተዋታል፤ ከዚያ በፊትም የገዛ ቤታቸው መታጠፊያ ጠፍቷቸው ሰው እጃቸውን ይዞ አምጥቷቸዋል። አባዬ ተሳሳተ፣ አለች በልቧ። ብትነግራቸው ፊታቸው እንዴት እንደሚሆን አሰበችው፣ አልቻለችም። ሆድ ይፍጀው ብላ መደመሩን ወደ መቀነስ ለወጠችው። ሰዓቱ በአሥር ደቂቃ ያህል ቀደመ።

አሁን ያ ሰዓት ደረሰ። መስመሩ ወይ ፍንክች።

ሰው ተቁነጠነጠ። "ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ፣" አለ ከኋላ አንዱ ጎረምሳ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ግን እንዲሰማለት። ጥቂቶች ሳቁ። ጋሽ ደቂቃ መነጽራቸውን አደረጉና ገና ያን ጊዜ ሰሌዳውን አነበቡ።

"ይሄ ሰዓት የኔ አይደለም።"

"ጋሼ፣ ለኛ የደረሰን ይሄው ነው፣" አለ ዳይሬክተሩ። አልዋሸም።

"እኔ ያልኩት ከዚህ ዘግየት ይላል።"

"ጋሼ..." ድምፁን ለበሽተኛ እንደሚያወሩት አለሰለሰው። "እርስዎ ነዎት እኮ ያሉን።"

ሽማግሌው ሰሌዳውን ደግመው አነበቡ። ግንባራቸውን አሹ። ቀጥ ብሎ የነበረው ጀርባቸው ጎበጠ።

"እንግዲህ እኔው እሆናለሁ የረሳሁት፣" አሉ። "ሰሞኑን እረሳለሁ።"

ልጅቱ ክው አለች። ያን ሲሉ ነው ምድር የት እንዳለች ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ያሰበችው። ከስድስት ወር በፊት ከፀሐይ ወዲህ፣ ወደ ኮከቡ ቀርባ ነበር። አሁን ከፀሐይ ማዶ ናት። ማዶ ከሆነች ብርሃኑ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው፤ መደመር ነው። የረሳችው እሷ ናት።

ዝም ልትል ትችል ነበር። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ጊዜው ሲደርስ መስመሩ ራሱ ይናገር የለ። ግን ዳይሬክተሩ "ስለተገኛችሁልን እናመሰግናለን" ማለት ጀምሯል፣ ወንበሮች ይንጓጓሉ፣ ቴክኒሻኑም ቴሌስኮፑን ወደ ሌላ ኮከብ ሊያዞረው ነው። ደግሞስ የአባቷን ፊት እያየች እንዴት ብላ?

"ተቀመጡ፣" አለች። ድምጿ ከጠበቀችው በላይ ጮኸ። "ሰዓቱን የቀየርኩት እኔ ነኝ። አባቴ አልረሳም። እሱ ደምሮ ነበር፣ እኔ ቀነስኩበት።"

"ለምን?" አለ ዳይሬክተሩ።

"የተሳሳተ መስሎኝ።"

"ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ልጅ ላባቷ ብላ የምትለው ነገር እንዳልሆነ በምን እናውቃለን?"

"ትንሽ በመቀመጥ።"

ዳይሬክተሩ ቴክኒሻኑን በዓይኑ ከለከለው። ገሚሱ ሰው ተቀመጠ፣ ገሚሱ በሩ ላይ ቆመ። ልጅቱ ሰሌዳው ላይ ያለውን ሰዓት በመዳፏ አጥፍታ የአባቷን ጻፈች። አሁን ፈተናው የምር የእሳቸው ሆነ። ካልመጣ የሚያሳብቡበት ሰውም ሰዓትም የለም፤ እሷ ራሷ ናት ቀዳዳውን ሁሉ የደፈነችባቸው።

መስመሩ ነጥብ በነጥብ ይረዝማል። ሰዓቱ ደረሰ። አንድ ነጥብ ዝቅ ብላ መጣች፤ ቀጣይዋ ግን ተመልሳ ከፍ አለች።

"ደመና ቢጤ ይሆናል፣" አለ ቴክኒሻኑ።

ሌላ ነጥብ መጣች፣ ዝቅ ያለች። ከሷም ዝቅ ያለች መጣች። ከዚያ በኋላ የመጡት ሁሉ ቁልቁል ወረዱ።

አዳራሹ ባንዴ ተንጫጫ። ከሁሉ አብልጦ የሚያጨበጭበው ያ የኩበቱ ጎረምሳ ነው፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። ዳይሬክተሩ መጥቶ በሁለት እጁ ጨበጣቸው፤ "ይቅር ይበሉኝ ጋሼ" አለ፣ ከልቡም ይመስላል። ጋሽ ደቂቃ ራሳቸውን ነቀነቁለት እንጂ አላዩትም። መስመሩንም አላዩትም። ልጃቸውን አጠገባቸው እንድትቀመጥ በእጃቸው ጠሯት።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"እንዳይከፋህ ብዬ ነው አባዬ።"

"ከፍቶኛል።" እጇን ያዙ። "ስሚ ልጄ። ዛሬ ልክ ነበርኩ። ልክ የማልሆንበት ቀን ይመጣል፣ ሩቅም አይደለም። ያን ቀን እኔ አላውቀውም፤ የምታውቂው አንቺ ነሽ። ከጀርባዬ እንዳታቃኚልኝ። ፊት ለፊት ንገሪኝ። ብቆጣም፣ ባላምንሽም ንገሪኝ።"

"እነግርሃለሁ።"

"ቃልሽ ነው?"

"ቃሌ ነው።"

ከዚያ በኋላ ልጅቱ ትከሻቸው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ሰው ሁሉ የደስታ መሰለው።