የልደት ፈስ

ልደት በመጀመሪያዋ ቅዳሜ ከኡስታዛ ሬሕማ በረንዳ ለመባረር አንድ ሐሙስ ነበር የቀራት። ጥፋቷ መሳቅ ነው።

ኡስታዛ ሬሕማ ካርቱም፣ አርካዊት ሰፈር የምትኖር ሱዳናዊት ብር አንጥረኛ ናት። መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አንጠልጥላ ሰውን ከላይ በኩል ነው የምታየው። ቅዳሜ ቅዳሜ አራት ሴት ሰብስባ የብር ጌጥ መሥራት ታስተምራለች፤ እንጀራ ይሁናቸው ብላ ሳይሆን እንዲሁ እጃቸው እንዲፍታታ። ሦስቱ የሰፈሯ ሴቶች ናቸው። አራተኛዋ ልደት፣ ትምህርት ጨርሳ ውጤት የምትጠብቅ፣ ከጀሪፍ ሰፈር በሀፍላ፣ በከተማ አውቶቡስ፣ ተጋፍታ የምትመጣ ሐበሻ።

የዛን ቀን ኡስታዛ አንድ ቀለበት አንስታ፣ ይሄ ብሩ ነው፣ ይሄ ከላይ የተቀመጠው ደግሞ ፈስ ነው አለች። በነሱ ቋንቋ ቀለበት ላይ የሚገባው ዕንቁ ፈስ ነው የሚባለው። «ስ»ን ትንሽ ወፈር ያደርጓታል እንጂ ለሐበሻ ጆሮ ያው ፈስ ፈስ ነው። ልደት ከንፈሯን ነክሳ ቻለች። ኡስታዛ ቀጠለች። የቀለበት ክብሩ ፈሱ ነው። ሰው መጀመሪያ የሚያየው ፈስሽን ነው፣ ከዛ ነው ፊትሽን። ጥሩ ፈስ ደግሞ ከእናት ለልጅ ይወረሳል። እዚህ ላይ ልደት አለቀች። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ምን ሆንሽ ስትባል ስርቅታ ነው አለች። ገና አንድ ሰዓት ላልሞላት ትውውቅ ምን ብላ ታስረዳ?

ቤት ስትገባ ደግሞ ባሰ። እናቷ ይመኙሻል ቤት ውስጥ እንኳን ነገሩ ስሙም አይጠራም። የግድ ከሆነ «እንትን» ነው፣ እሱም በሹክሹክታ። ስለዚህ ልደት የምማረው ብርና ድንጋይ ነው ብላ ዘጋችው። ይመኙሻል ጀሪፍ ውስጥ በርበሬና ሽሮ የምትሸጥበት ሱቅ አላት። ልጅቷ ከሰኞ እስከ አርብ እዛ ታግዛለች፣ ቅዳሜ የተፈቀደላት በስንት ልመና ነው። እሱም በውል። «ሁለት ወር ሰጥቼሻለሁ» አለቻት እናቷ። «ያለቀ ነገር ካላየሁ፣ ወይ ደግሞ አንድ የሚያሳፍር ነገር ከሰማሁ፣ ቅዳሜም ሱቅ ነሽ።»

ልደት ለቅዳሜ ነፍሷን ነው የምትሰጠው። በሁለት ወር ውስጥ ሰባት የመጋዝ ክር ሰብራለች፣ የግንባር ፀጉሯን በእሳት ለብልባለች፣ አውራ ጣቷን በሞረድ ሞርዳለች። ግን መበየጃው ብር ድንገት ቀልጦ ስንጥቁ ውስጥ ውልብ ብሎ ሲሮጥ ያየ ሰው ሌላ ነገር አያምረውም። በቀረው ስድስት ቀን የምታስበው እሱን ነው።

ቀለበቷ ሊያልቅ አንድ ቅዳሜ ሲቀረው ኡስታዛ፣ የሀገርሽ ነው ብላ አንዲት የወሎ ኦፓል ሰጠቻት። ከአተር ትንሽ ከፍ ትላለች። ልደት በወረንጦ ይዛ ስታያት ድንጋይዋ ፈትለክ ብላ ወደቀች። አምስት ሴት ተንበርክኮ ጠረጴዛ ሥር ሲፈልግ ዋለ፣ መጨረሻ ላይ የኡስታዛ ነጠላ ጫማ ውስጥ ተገኘች። ልደት ክብሪት ቤት ውስጥ ከታ ይዛት ሄደች።

አርብ ከሰዓት ልብስ ስታጥብ ስልኳን ሱቁ ውስጥ ትታ ነበር። የድምፅ መልእክት ገባ። ይመኙሻል የሰው መልእክት የምትከፍት ሴት አይደለችም፣ በርበሬ ስትመዝን ጣቷ ነክቶት ነው። እሷ እንደዛ ነው የምትለው። የኡስታዛ ሬሕማ ድምፅ በዐረብኛ ሱቁን ሞላው፦

«ልደት ያ ሐቢብቲ፣ ነገ ፈስሽን እንዳትረሺ። ባለፈው አምልጦሽ ስንቱን ሰው አስጨነቅሽ። ትንሽ ነው ብለሽ አትናቂው፣ ያንቺ ፈስ ከሁላችንም ይበልጣል። ብቻ እሳት አጠገብ አታምጪው፣ ይፈነዳል።»

ይመኙሻል ሚዛኑን አስቀመጠች። ደግማ ከፈተችው። ዐረብኛውን አንድ ሳይቀር ሰምታለች፣ መሀል ላይ ያለችውን አማርኛም እንደዛው።

ልደት እጇ አረፋ እንደሆነ ተጠራች። እናቷ አልጮኸችም፣ እሱ ነው የሚያስፈራው። አስራ ስድስት ዓመት ካርቱም ስኖር ለሱዳን ሰው ያስተማርኩት አማርኛ «እንደምን አደርክ» ነው አለቻት። አንቺ ግን በሁለት ወር ይሄንን አስተማርሽ። ሌላ ቃል ጠፍቶ።

ልደት እየተንተባተበች፣ እማ እሱ እኮ ዐረብኛ ነው፣ ድንጋይ ማለት ነው አለች።

«ድንጋይ ሐጀር ነው።»

ልደት፣ እሱማ የመንገዱ ድንጋይ ነው፣ የቀለበቱ ግን ሌላ ስም አለው ብላ ማለች። በማርያም፣ በገብርኤል፣ በያዘችው ሳሙና ሳይቀር ማለች። ድምጿ ከፍ እያለ ሲመጣ እናቷ አንገቷን ነቀነቀች።

«የፈሲታ ተቆጢታ» አለች። ነገሩን በስሙ ስትጠራው ልደት በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማች። ቅዳሜ እንዳበቃላት ያኔ ገባት።

ፍርዱ ወዲያው ወጣ። የነገው የመጨረሻ ነው። ይመኙሻል ራሷ አብራ ትሄዳለች፣ ሴትዮዋን ይቅርታ ትጠይቃለች፣ ልጅቷን ይዛ ትመለሳለች። ጥፋተኛው ደግሞ ከምትበላው ፉል ሌላ ማን ይሆናል? ከዛሬ ጀምሮ ፉል የለም።

ቅዳሜ ጠዋት ይመኙሻል ነጠላዋን ለብሳ፣ አንድ ኪሎ ምርጥ በርበሬ ለካሳ ይዛ በረንዳው ላይ ደረሰች። ልደት ከኋላዋ ለዕርድ እንደሚነዳ በግ ትከተላለች። በሀፍላው ውስጥ ሁለቴ ልታስረዳ ሞክራ ሁለቴም በክርን ተመትታለች።

ኡስታዛ ሬሕማ፣ የልደት እናት መጣች ብላ በደስታ ወንበር ሳበች። ሻይ አስመጣች። ሴቶቹም ተሰበሰቡ። ይመኙሻል ጉሮሮዋን ጠርጋ በዐረብኛ ጀመረች። ማዓሌሽ ያ ሬሕማ፣ ይቅርታ፣ በኛ ሀገር ይሄ ትልቅ ነውር ነው፣ ልጄን እንዲህ አላሳደግኳትም። ከልጅነቷ ጀምሮ ሆዷ ደካማ ነው። ይሄ ፈስ የምትዪው ከፉሉ ነው የመጣው።

ኡስታዛ መነጽሯን ገፋ አደረገች። «ከፉል?» አለች። «ኧረ ወላሂ ከናንተው ሀገር ነው። ከወሎ።»

ይመኙሻል የወሎ ሰው ናት። ደላንታ ተወልዳ ደሴ ያደገች።

«ከወሎ?»

«ከወሎ ነዋ። የወሎ ፈስ ዓለም ያወቀው ነው። ከህንድ ድረስ ነጋዴ ይመጣለታል።»

ሴቶቹም አጨበጨቡላት። አንዷ፣ እኔ ራሴ የልደትን ፈስ ሳይ ቀናሁ አለች። ሌላዋ ደግሞ፣ ፀሐይ ላይ ስታወጣው ቀለሙ እንዴት እንደሚያምር ልትነግራት ፈለገች። ይመኙሻል ከዚህ በላይ አልሰማችም። ነጠላዋን ሰብስባ ተነሳች። እሷን ቢሰድቡ ትችላለች፣ ልጇንም ቢሰድቡ ትታገሳለች፣ ሀገር ሙሉ ሲሰደብ ግን ሻይ አትጠጣም።

«ያላ፣ ልደት። ተነሺ።»

ልደት አልተነሳችም። ማስረዳት እንደማይሠራ ከትናንት ጀምሮ አውቃለች። ክብሪት ቤቱን አውጥታ ከፈተችና የእናቷን እጅ ይዛ መዳፏ ላይ ገለበጠችው። ድንጋዩ ፀሐይ አገኘ። መጀመሪያ ወተት መሰለ፣ ከዛ አረንጓዴ ብልጭ አለበት፣ ከዛ ቀይ፣ ይመኙሻል እጇን ባንቀሳቀሰች ቁጥር ሌላ ይሆናል።

«ይሄ ምንድነው?» አለች ይመኙሻል፣ ቀስ ብላ።

«ፈስ» አለች ኡስታዛ ሬሕማ።

«ፈስ» አሉ ሦስቱም ሴቶች።

ይመኙሻል ድንጋዩን አየች። ልጇን አየች። ነገሩ ከትከሻዋ ጀመራት። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ጎሰጎሰች፣ አልሆነም፣ ወንበሩ ላይ ዘፍ ብላ ሳቀች። በእጇ ምልክት ልደትን፣ አንቺ ንገሪያቸው አለች። ልደት የአማርኛውን ትርጉም በዐረብኛ ነገረቻቸው። ኡስታዛ ሬሕማ ሁለት ወር ሙሉ ያለችውን አንድ በአንድ ወደ ኋላ እያሰበች ነው፣ ፊቷ ላይ ይታያል። «ከእናት ለልጅ ይወረሳል» ብያለሁ እኮ አለችና መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ ተደፋች። ከዛ ወዲያ ለግማሽ ሰዓት ሥራ የሚባል ነገር አልነበረም።

ሳቁ ሲወጣላት ይመኙሻል ዓይኗን ጠራረገች። ፊቷ ተመልሶ የሱቅ ፊቷ ሆነ። «ጨርሺውና ልየው» አለች።

ልደት ተቀመጠች። ቀለበቱ ላይ ለድንጋዩ የተበየደች ቀጭን የብር አጥር አለች። ድንጋዩን እሷ ውስጥ ማስቀመጥ፣ ከዛ ጠርዟን ቀስ እያሉ ወደ ውስጥ ማጠፍ ነው፤ መጀመሪያ ላይና ታች፣ ከዛ ግራና ቀኝ። በኃይል ከተጫኑት ኦፓሉ ይሰነጠቃል፣ ላላ ካደረጉት ይወድቃል። የእናቷ ትንፋሽ ማጅራቷ ላይ ነው። ላዩን ተጫነች። ታቹን ተጫነች። ግራው ላይ ትንሽ «ቀጭ» የሚል ነገር ሰማችና ጎንበስ ብላ አየች። ብሩ ነው እንጂ ድንጋዩ አይደለም። ቀኙን ስትጨርስ ላቧ አገጯ ላይ ደርሷል።

ይመኙሻል ቀለበቱን ጣቷ ላይ አድርጋ አገላበጠችው። «ጠማማ ነው» አለች። ትንሽ ጠማማ ነበር። ከዛ ኡስታዛን ስማ፣ በርበሬውን ሰጥታ ልጇን አስከትላ ወጣች። ቀለበቱን ግን አልመለሰችም።

የጀሪፍ ሀፍላ እንደ ወትሮው ጢም ብሎ ነበር። ከፊታቸው የቀን ሥራ ውለው የሚመለሱ፣ ሸሚዛቸው ቀለም የነካው ሁለት የሀገራቸው ልጆች ተቀምጠዋል። ልደት ጎኗ የተቀመጠችውን እናቷን በስርቆት ታያለች። ያለቀ ነገር አሳይታለች። ግን ጠማማ ነው። ቅዳሜዋ ተረፈ ወይስ አልተረፈም? ብትጠይቅ መልሱን ፈራችው፣ ባትጠይቅ ሊያፈነዳት ነው። ይመኙሻል በመስኮት እያየች ጣቷን ታሽከረክራለች። ሦስት ፌርማታ እንደዛው አለፈ።

በመጨረሻ ወደ ልጇ ዞረች። ሱቅ ውስጥ ደንበኛ ስትጣራ በለመደችው ድምፅ ነው የተናገረችው፣ ቀስ ብሎ ማውራት አትችልበትም።

«በሚመጣው ቅዳሜ ለጆሮዬም ሥሪልኝ» አለች። «ሁለት ፈስ። አንድ በግራ፣ አንድ በቀኝ። ጠማማ እንዳይሆን።»

ከፊት የተቀመጡት ሁለቱ ልጆች ተያዩ። ከዛ፣ ዘወር ሳይሉ፣ እያንዳንዳቸው በየበኩላቸው መስኮት ከፈቱ።