የተለሰነ ሥጋ

ግንበኛውን ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው «ቱምቢ» በሚል ቅጽል ስም ነው። ቱምቢ ግድግዳ መጥመም አለመጥመሙን የሚያዩበት፣ በክር የሚንጠለጠል ብረት ነው፤ ሰውዬው ደግሞ ጠማማ ነገር አይቶ ማለፍ የማይችል ፍጡር ነው። አንድ ጊዜ ታሞ ሐኪም ቤት ተኝቶ እንኳ የመስኮቱን ፍሬም ሲተች ውሏል። ያዳቆነ ሰይጣን ሳያቀስ አይለቅም ይባል የለ!

ይኸው አመሉ አንዲት ልጁን ሊያሳጣው ነበር። ልጅቱ ሹፌር አግብታ ቤት በያዘች ሰሞን፣ ባሏ በገዛ እጁ የሰቀለውን መደርደሪያ በኩራት ቢያሳየው፣ ቱምቢ ከኪሱ ውሃ ልክ አውጥቶ በእንግዶች ፊት ለካውና «ጠምሟል» አለ። ከዚያ ወዲህ አማቹ ደጁን አልረገጠም። ልጅቱም ብቻዋን ጥቂት ከተመላለሰች በኋላ ቀረች። ስንቴ ተለምና ለዛሬ ምሳ እሺ ስትል ቃሏ አጭር ነበር፦ «አባዬ፣ አንዲት ነገር ካረምከው ተነስተን እንሄዳለን። ሁለተኛም አንመጣም።» ቱምቢ ፈራ። ስንት ፎቅ ላይ ሲንጠላጠል እንዲህ ፈርቶ አያውቅም።

ሚስቱ ደግሞ የራሷን ፍርድ ሰጠች። «አፍህ ያበላሸውን እጅህ ይካስ። ምሳውን የምትሠራው አንተ ነህ። እኔ ዛሬ ከዚህች ወንበር ንቅንቅ አልልም።» አማቹ የሥጋ ድቡልቡል ነፍሱ ነው አለችውና አሠራሩን እዚያው ተቀምጣ ነገረችው።

ቱምቢ እጅጌውን ሰብስቦ ገባበት። የተፈጨውን የበሬ ሥጋ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ገለበጠ፤ ሽንኩርት አድቅቆ ከተፈ፤ የደረቀ ዳቦ ፈርፍሮ፣ እንቁላል ሰብሮ፣ ጨውና ቁንዶ በርበሬ ነስንሶ ያሸው ጀመር።

«በቃ፣ አታድክመው፤ ይደርቅብሃል» አለችው ሚስቱ።

«አንቺ ደግሞ! አሸዋና ሲሚንቶ ካልተዋሐደ ግድግዳው ይሰነጠቃል።»

የመጀመሪያውን ድቡልቡል በመዳፎቹ መሀል ጨምቆ ጨምቆ፣ ማንኪያ ውሃ ውስጥ እየነከረ ዙሪያውን ለሰነው። አንዲት ስንጥቅ የለችበትም። ሁለተኛውም የመጀመሪያው መንትያ ሆነ። ሚስቱ «ጉድህን ምሳ ላይ እናያለን» ብላ በሆዷ፣ አፏን ዘጋች።

ግማሹን እንደጨረሰ በሩ ተንኳኳ። ቱምቢ ልጁን ሲያይ ዓይኑ በራ፤ በሥጋ የተለወሰ እጁን ወደ ላይ ሰቅሎ በክርኑ አቀፋት። ከኋላዋ ሹፌሩ አንገቱን ሰበር አድርጎ «እንደምን ዋሉ፣ ጋሼ» አለ። ወዲያው እጁን ታጠበና «ልርዳዎት» ብሎ ከጎኑ ቆመ።

ፈተናው ያኔ መጣ። ሹፌሩ ሥጋውን ዘገን ያደርጋል፣ ሁለቴ ያንከባልላል፣ መታ አድርጎ ያስቀምጣል፤ በቃ። አንዱ እንቁላል ያህላል፣ ሌላው የሕፃን ጫማ። የዚህኛው ጎን አብጧል፣ የዚያኛው ጠርዝ ተተርትሯል። ቱምቢን ላብ አጠመቀው። ከንፈሩ ተከፈተ፤ ልጁ ከበሩ ላይ አፈጠጠችበት፤ ከንፈሩ ተመልሶ ተዘጋ። ካፍ ከወጣ አፋፍ።

«ጥሩ... ጥሩ ነው» አለና ፊቱን ወደ ምድጃው አዞረ። ሚስቱ ሳቋን በሳል ሸፈነችው።

ሁሉንም ዱቄት አልብሰው በጋለ ዘይት ጠበሱት። በአንድ ትልቅ ሳህን፣ የቱምቢ በአንድ በኩል የሹፌሩ በሌላው፣ ከተቀቀለ ድንችና ሰላጣ ጋር ቀረበ። ልጅቱ ለሁሉም መጀመሪያ ከአባቷ ድቡልቡሎች አነሳችላቸው። ሹፌሩ ሹካውን ሰነዘረ፤ ሹካው ተንሸራተተ። በቢላዋ ታግሎ አንድ ቁራጭ አፉ ከተተና አኘከ። አሁንም አኘከ።

«እጅዎ ይባረክ፣ ጋሼ። በጣም ይጣፍጣል።»

ቱምቢ የራሱን ቀመሰ። ጡብ ነው። ቀና ሲል ሁሉም አቀርቅሮ ያኝካል፤ ትንፍሽ የሚል የለም። እሱ እንዳይናገር እንደታዘዘ ሁሉ፣ ሹፌሩም «አባቴን ምንም እንዳትለው» ተብሎ እንደመጣ ያኔ ገባው። ምሳው በሰላም ሊያልቅ ነው፤ ግን እንግዳም እንዲሁ አመስግኖ፣ አፉን ጠርጎ ይሄዳል። ይህች ልጅ ከባሏ ጋር በእንግዳ ወግ መጥታ በእንግዳ ወግ ልትሄድበት ነው።

በዚህ መሀል ከሹፌሩ ሳህን አንዱ ድቡልቡል አፈትልኮ ወለሉን ኳ! አደረገው። ነጥሮ ጠረጴዛው ሥር ገባ። ሹፌሩ ጎንበስ ብሎ አወጣው፤ አገላብጦ አየው፤ ምንም አልሆነም። ትከሻው በሳቅ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ያፈነው ሁሉ አመለጠው፦

«አባባ፣ ኧረ በሕግ! ይሄማ ሥጋ አይደለም፤ ለስነውታል እኮ! ቤት ይሠራበታል!»

የልጅቱ ሹካ ከእጇ ወደቀ። አባቷን አየችው። ቱምቢ ሳቁ ፈነዳ፤ ብርጭቆዎቹ እስኪንቀጫቀጩ ሳቀ፤ እንባው ወረደ። ዕድሜ ልኩን ሰው ሲያርም የኖረ ሰው፣ መታረም እንዲህ ደስ እንደሚል ማን ነግሮት ያውቃል? ያውም «ጋሼ» ቀርቶ «አባባ» ተብሎ!

«ጡብ ነው፣ ልጄ! እውነትህን ነው!» ብሎ ከሹፌሩ ጠማሞች አንዱን አነሳ። አፉ ውስጥ ፍርስ አለለት። ሁለተኛ አነሳ። ሦስተኛውን ከሚስቱ እጅ ቀማት።

ከዚያ አፉን ጠርጎ ወደ ልጁ ዞረ። «አሁን አንዲት ነገር ላርም።»

ሚስቱ ዓይኗን አፈጠጠችበት።

«ይሄን ልጅ እንግዳ አስመስላችሁ ከወዲያ ጥግ አስቀምጣችሁታል። የወንበሩ ቦታ እዚያ አይደለም። ወዲህ፣ ከጎኔ ይምጣ።»

ሹፌሩ ወንበሩን እየጎተተ መጣ። ልጅቱ ብድግ አለች። ቱምቢ ክው አለ፤ «ምነው፣ አጠፋሁ?» አለ። እሷ ግን በሁለት እጇ የራሷንም ወንበር አንስታ በአባቷ በሌላው ጎን አስቀመጠችና፣ ሳህኗን ወደሷ ስባ መብላቷን ቀጠለች።