ቆጣሪው ያልቆጠረው ውሃ

አልጣሽ ከጠዋት ጀምራ ደረጃውን ስንት ጊዜ እንደወጣች፣ ስንት ጊዜ እንደወረደች እሷም አታውቀው። እግሯ አላርፍ ብሏታል። ዓመቱን ሙሉ ጭር ብሎ የከረመው ሆቴሏ ዛሬ በየበሩ ጫማ ተደርድሮበታል፤ በረንዳው ላይ ነጠላ ተሰጥቶበታል። ሀያውም ክፍል ሞልቷል። ችግሩ፣ ከሞሉት ሰዎች አንድም ከፋይ አለመኖሩ ነው።

ሆቴሉን ባሏ አስጎብኚ ሆኖ በአሥራ አምስት ዓመት ላቡ የሠራው ነው። እሱ ከሞተ ወዲህ፣ መንገዱም ሲዘጋ ሲከፈት፣ ላሊበላ ላይ እንግዳ ብርቅ ሆነ። ብቅ የሚለውም አይበረክትም። መብራት ይጠፋል፤ ጄኔሬተሩ ናፍጣ እንደ ጉድ ይጠጣል፤ ጠዋት በዚያ በላስታ ብርድ ሙቅ ውሃ የለም። እንግዳው አንድ ሌሊት አድሮ ሻንጣውን ይጎትታል። አንድ የወልድያ ነጋዴ ከጥምቀት በኋላ ቤቱን ሊገዛ ቀጠሮ ይዟል። ያቀረበው ዋጋ ስድብ ነው፤ ግን ሌላ የሚጠይቅም የለም።

በዚህ መሀል ነው የፀሐይ ኃይሉ ብድር የተሰማው። አንድ የገንዘብ ተቋም ለሆቴሎች፣ ለክሊኒኮችና ለማኅበራት አዳራሾች የፀሐይ ኃይል ማመንጫና የውሃ ማሞቂያ በራሱ ወጪ ይተክላል፤ ባለቤቱ ለናፍጣ ያወጣው ከነበረው ገንዘብ ላይ በአሥር ዓመት ይከፍላል። ለሆቴሎች ሁለት ነገር ይጠየቃል። ከግማሽ በላይ ክፍሎች ከፋይ እንግዳ ሊኖራቸው ይገባል፤ ቤቱም ብዙ ኃይል የሚፈጅ መሆን አለበት። ናፍጣ የማያቃጥል ቤት ከምን ቆጥቦ ይከፍላል?

አልጣሽ «እንግዳ ሞልቶኛል» ብላ ፈረመች።

ለሦስት ቀን የኃይል ፍጆታ መለኪያ የሚተክል ባለሙያ ታኅሣሥ ሀያ አራት ቀን እንደሚመጣ ሲነገራት፣ የጆሮ ወርቋን ሸጠች። አንድ በርሜል ናፍጣ ገዛችና ወደ ከተማው መግቢያ ወረደች። የልደት ተሳላሚ ከየአገሩ በእግሩ እየገባ ነበር። በዚያ ሰሞን ተሳላሚ ማሳደር የላሊበላ ወግ ስለሆነ ማንም አልተገረመም። አርባ አንድ ሰው ይዛ ተመለሰች። አብዛኞቹ የደላንታ ገበሬዎች ናቸው፤ መሪያቸው ከወገል ጤና አራት ቀን የተጓዙት ሽማግሌ አያ ምስጋኑ ነበሩ።

ሰዎቹ እንደደረሱ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው ጫማቸውን አወለቁ። እግር የሚያጥባቸው ሲጠብቁ ነው። ይህም ወጉ ነው፤ ላሊበላ የገባ ተሳላሚ እግሩን ይታጠባል።

«እሱ ይቆየን! ግቡ፣ ግቡ!» አለች አልጣሽ፤ ባለሙያው ሳይደርስ ክፍሎቹ መያዝ አለባቸውና። በየእጃቸው ቁልፍ አስጨበጠቻቸው። አያ ምስጋኑ ከነአቧራቸው እየገቡ፣ «ቤትሽ አይጉደል፣ ልጄ» ብለው መረቋት።

ባለሙያው ሳሊሕ የሚባል የሐይቅ ልጅ ነው፤ ቁጥብና ጨዋ። የከተማው መብራት እንደ ልማዱ ጠፍቶ ስለነበር ጄኔሬተሩን አስነስታ ጠበቀችው። ትንሿን የመለኪያ ሳጥን ከዋናው መስመር ጋር አገናኝቶ፣ «አብሽሩ፣ እትዬ አልጣሽ፤ እሷ ራሷ ትቆጥራለች» አላት።

አብሽሩ ማለት ለሱ ቀላል ነው። ተሳላሚዎቹ ቀኑን ቤተ ክርስቲያን ይውላሉ፤ ሲመለሱ ጧፍ ያበራሉ። አልጋው ላይ እንኳ አልወጡም፤ ለሱባዔ የመጣ ሰው በፍራሽ አይምነሸነሽም ብለው ወለሉ ላይ ተኙ። አልጣሽ በየክፍሉ እየገባች አምፖሉን ታበራለች፣ ቦይለሩን ትከፍታለች። ዞር ስትል ጠፍቶ ታገኘዋለች። እንደገና ታበራለች፤ እንደገና ይጠፋል። የማን እጅ እንደሆነ የገባት በሁለተኛው ቀን፣ አያ ምስጋኑን ኮሪደሩ ላይ ስታገኛቸው ነው። ከክፍል ክፍል እየዞሩ ማብሪያ ማጥፊያውን በከዘራቸው ጫፍ ይጫናሉ።

«ተይው፣ እኔ አለሁልሽ» አሏት በሹክሹክታ። «የደግ ሰው ንብረት ሲባክን ዝም አይባልም።»

ምን ትበላቸው? አባክኑልኝ ትበል? ከንፈሯን ነክሳ ደረጃውን ወረደች፤ ከዚያ መልሳ ወጣች።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሳሊሕ ሳጥኑን ፈታ። ቁጥሩን አየ፤ መነጽሩን ጠርጎ ደግሞ አየ።

«እትዬ አልጣሽ፣ ይሄ እኮ ከአንድ ሻይ ቤት አይበልጥም። አርባ ሰው በዚህ ብርድ አንድ ቦይለር አልከፈተም?»

«ኢንጂነር፣ እንግዶቼ…» ብላ ጀመረች። በዚያው ቅጽበት አያ ምስጋኑ ከጓሮ ብቅ አሉ።

«አንተ የመንግሥት ሰው ነህ?» አሉት። «እንግዲያው ይቺን ሴት ጻፍልኝ። አርባ አንድ ነፍስ ሳንቲም ሳትቀበል አስጠግታለች! እኛም ውለታዋን አልበላንም፤ መብራቷን እያጠፋን ጠበቅንላት።»

አልጣሽ መሬት ተከፍቶ ቢውጣት በወደደች። ሳሊሕ ቅጹን አወጣና ፊርማዋ ላይ ጣቱን አሳረፈ።

«ዋሸሁ» አለች። «ከፋይ የለኝም። ቤቴ ሊሸጥብኝ ነው፤ ፈራሁ።»

«ያላየሁትን ቁጥር መጻፍ አልችልም» አላት ሳሊሕ ቀስ ብሎ። «ዋሹ ብዬም አልጽፍም። ማመልከቻውን ራስዎ እንደተዉት አድርጌ እመልሰዋለሁ። ከዚህ በላይ በእጄ ያለ ነገር የለም።» ሳጥኑን ሻንጣው ውስጥ ቆልፎ፣ አውሮፕላኑ እንዳያመልጠው ባጃጅ ሊጠራ ወደ በሩ ወጣ።

አያ ምስጋኑ ግራ ተጋብተው ቆመዋል። «ምነው ልጄ፣ አጉል ነገር ተናገርኩ እንዴ?»

«ምርቃትዎን ይውሰዱልኝ፣ አባቴ» አለች። እንባዋ መጣ። «ለነፍሴ ብዬ አይደለም ያመጣኋችሁ። ቤቱን ሙሉ ለማስመሰል ነው። መብራቱም ሲበራ ነበር የሚጠቅመኝ።»

ሽማግሌው ጥቂት አሰቡ። ከዚያ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «ታዲያ ብርዱ ለምን እንዳስገባሽን ጠየቀን? ሞቆን ነው የተኛን። ምርቃቱ ያው ያንቺ ነው።» ሳቃቸው በረድ ሲል የተሰነጣጠቀ እግራቸውን አዩ። «አንድ ነገር ብቻ ቅር ብሎኛል፤ ልንገርሽ እንግዲህ። ላሊበላ ገብቼ እግሬን ሳልታጠብ ስቀር ይኼ የመጀመሪያዬ ነው።»

አልጣሽ በልቧ ማስላት ጀመረች። አርባ አንድ ሰው፣ ማታ ማታ ከነአቧራው ሲመለስ፣ በየሳፋው ሙቅ ውሃ፤ እሱም ሦስት ቀን ሙሉ። ሀያ ቦይለር ማንም የማያጠፋው ሥራ ይኖረው ነበር። ወጉን እንደ ወጉ አድርሳ ቢሆን ያ ሳጥን ሌላ ቁጥር ይቆጥር ነበር። «እሱ ይቆየን» ያለችው ራሷ ነች።

ወደ ጄኔሬተሩ ሮጠች። በርሜሉ ግማሹ እንኳ አልጎደለም። አስነሳችውና ክፍል ለክፍል እየዞረች ቦይለሮቹን ሁሉ ከፈተች። ጄኔሬተሩ ጭነቱ ከብዶት ሲያጓራ ግቢው ተንቀጠቀጠ። በሩ ላይ ሳሊሕ የተሳፈረበት ባጃጅ ሊነሳ ሲል ቆም አለ፤ ሳሊሕ አንገቱን አውጥቶ ጭሱን አየ፤ ጉልበቱ ላይ ያስቀመጠውን ሻንጣም አየ። ከዚያ ባጃጁ ቁልቁለቱን ወረደ።

ውሃው እስኪሞቅ ተሳላሚዎቹ አንድ ባንድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ደረጃው ላይ ተደረደሩ። አልጣሽ ሳፋውን አስቀመጠችና ሦስት ቀን ሙሉ ሲሮጥ የሰነበተውን እግሯን አጥፋ ተንበረከከች። የአያ ምስጋኑን ቀኝ እግር ውሃው ውስጥ ስትከት፣ «እሰይ፣ ሙቀቱ!» አሉ ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው።

ከኋላቸው ገና አርባ ሰው ነበር። ነጋዴው ከጥምቀት በኋላ ይመጣል። አልጣሽ እያለቀሰች ግራውን እግር ያዘች።